ኬቮርክ ናልባንዲያን

ኬቮርክ ናልባንዲያን (1887–1963 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የኖሩ አርመናዊ የሙዚቃ መምህር፣ የባንድ መሪና የዜማ ደራሲ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ለመጡትና «አርባ ልጆች» ተብለው ለሚታወቁት ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች መምህርና መሪ ሆነው ሠርተዋል። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዘውዱ መንግሥት መውደቅ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የነበረውን ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ስማቸው የሚነሳው ከሁሉ በላይ በዚህ መዝሙር ነው። ይሁን እንጂ የትንፋሽ መሣሪያ መጫወት በኖታ የሚማሩት ሙያ እንዲሆን ያደረጉት አስተዋጽኦ ከመዝሙሩ ያነሰ አይደለም።

የአይንታብ ልጅ

ናልባንዲያን የተወለዱት በኦቶማን ግዛት ውስጥ በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ጋዚያንቴፕ የምትባለው ሲሆን በደቡብ ቱርክ፣ ከሶሪያ ድንበር ብዙ ሳትርቅ ትገኛለች። ኬቮርክ በአርመንኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ናልባንዲያን ደግሞ የፈረስ ጫማ መቺ ልጅ እንደ ማለት ነው፤ የአርመን ቤተሰቦች የቅድመ አያታቸውን ሙያ በስማቸው ይዘው መቆየታቸው የተለመደ ነው።

አርመኖች በትንፋሽ መሣሪያ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በሠርግና በበዓል ከከበሮ ጋር የሚነፋው ዙርና ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ከአፕሪኮት እንጨት የሚሠራው ዱዱክ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ እንደ ልማዱም ሁለት ሰዎች ይጫወቱታል። አንዱ ዜማውን ሲያወጣ ሌላው አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ከሥር ይዞለት ይቆያል። ድምፅ ያዡ ጉንጩ ውስጥ ያጠራቀመውን አየር እየነፋ በዚያው ቅጽበት በአፍንጫው መተንፈስ አለበት። ለጀማሪ ከዜማው ይልቅ ይህ ይከብደዋል። ፓርካፕዙክ የሚባለው የአርመኖች የከረጢት ዋሽንት ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ተጫዋቹ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ከረጢት ነፍቶ በክንዱ ስለሚጫነው፣ እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ከረጢቱ ይነፋለታል። ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ካውካሰስ ድረስ በመካከለኛው ዘመን እረኞችና የሠርግ ተጫዋቾች ይዘውት ይዞሩ የነበረው የከረጢት ዋሽንት ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ላይ ልጅ ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ አጠገብ ተቀምጦ እያየና እየሰማ ይማራል እንጂ የሚያነበው ወረቀት አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ግን ከጥንት ጀምሮ ጽሕፈት ነበረው። የአርመን ሊቃውንት ኻዝ የሚባሉ ምልክቶችን ከቃሉ በላይ ይጽፉ ነበር። በኢትዮጵያም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚታመነው የዜማ ምልክት እንዲሁ ከፊደሉ አናት ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ናቸው፤ ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከምልክቱ ብቻ ተነሥቶ ሊያዜመው አይችልም። ይህን ልዩነት መያዝ ናልባንዲያን ኋላ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ነገር ለምን አዲስ እንደ ነበር ለመረዳት ይጠቅማል።

በ1915 እ.ኤ.አ. የኦቶማን መንግሥት በአርመኖች ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋና ማፈናቀል ለአይንታብም አልቀረላትም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ከተማዋ የተመለሱ ነበሩ። ነገር ግን አካባቢውን ይዞ የነበረው የፈረንሳይ ጦር በ1921 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት መሠረት ለቆ ሲወጣ እነርሱም አብረው ወጡ፤ አብዛኞቹ የተጠለሉት በሶሪያ፣ በተለይም በሀለብ ነው። በሶሪያ፣ በሊባኖስ፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸውን ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የአርመን ልጆች በሙት ልጅ ማሳደጊያዎች ተሰበሰቡ። ማሳደጊያዎቹ ለልጆቹ የእጅ ሥራ፣ ቋንቋና ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር።

እምቢልታ፣ መለከትና የሩሲያ ናስ

የከረጢት ዋሽንት በኢትዮጵያ ባህል ውስጥ የለም። የትንፋሽ ሙዚቃ ግን በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቦታ ነበረው። ነጋሪት ሲጎሰም አብረው የሚነፉት እምቢልታና መለከት የሥልጣን ምልክት ስለ ነበሩ ማንም ባለ ሀብት ገዝቶ የሚያስነፋቸው አልነበሩም። መለከት ረጅም ሸምበቆ በቆዳ ተለብጦ የሚሠራ ሲሆን ለአዋጅና ለዘመቻ ይነፋል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ነው። ከአንዱ እምቢልታ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ በመሆኑ ዜማ ለማውጣት ቢያንስ ሦስት ነፊዎች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል ያደርጋል፤ ዜማው የሚሰማው ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው። በምዕራብ የቤርታ ሕዝብ ዋዛ፣ በደቡብ የደራሼ ሕዝብ ፊላም በዚሁ ሥርዓት በብዙ ሰው ይነፋሉ። እያንዳንዱ ሰው የዜማውን ቁራጭ ብቻ ይዞ ከሌላው ጋር መግጠም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በምዕራባውያኑ ባንድ ውስጥ እንግዳ የሆነው መሣሪያውና ወረቀቱ ነው።

ከአድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ላኩ፤ አስተማሪም አብሮ መጣ። በዚህ የተጀመረው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ማርሽና የውጭ አገር መዝሙሮችን ይጫወት ነበር። የአዝማሪነት ሙያ በማኅበረሰቡ ዘንድ በንቀት ይታይ ስለ ነበር፣ ከጨዋ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ጥሩምባ ነፊ ለመሆን አይመኝም ነበር። በሥነ ሥርዓት ላይ ባንድ ማየት በየጊዜው እየተለመደ ሄደ፤ አገሪቱ ግን የራሷ የሆነ መዝሙር አልነበራትም።

ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ አገሮች ጉብኝት ሄዱ። በኢየሩሳሌም የአርመን ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የቆየ ጉርብትና ነበራቸው። ሁለቱም የምሥራቅ ኦርቶዶክስ እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ የኢትዮጵያ መነኮሳት በተቸገሩባቸው ዘመናትም ከአርመኖች ገዳም ምግብ ያገኙ ነበር። በአዲስ አበባም ቢሆን አርመኖች እንግዳ አልነበሩም። በምኒልክ ዘመን በሰርኪስ ቴርዚያን ስም የሚጠራውን የሰርኪስ ባቡር የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም፤ አንጥረኞችና ነጋዴዎችም ነበሩ።

ራስ ተፈሪ የአርመኖችን ገዳም ሲጎበኙ የሙት ልጆቹ የናስ ባንድ ተቀበላቸው። ልጆቹን ወደዷቸው፤ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀውም ወደ ኢትዮጵያ ሊያመጧቸው ተስማሙ። ውሉ ለ4 ዓመት ሲሆን ለልጆቹ ደመወዝ፣ መኖሪያና ልብስ የሚሰጥ ነበር። 40 ወጣቶች አዲስ ዓመት 5 ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ገቡ። ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሆነውም የአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋዊ ኦርኬስትራ ተባሉ።

እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። መምህሩ ያኔ 37 ዓመት ገደማቸው ነበር። ከልጆቹ ጋር የሚያገናኛቸው ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ እሳቸውም እነርሱም የተወለዱበት ቤት ሊመለሱበት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ለልጆቹ ባንዱ የሙዚቃ ትምህርት ብቻ ሳይሆን እንጀራና ጣሪያም ነበር።

ትምህርቱ

የናስ መሣሪያ ለጀማሪ ያስቸግራል። ክራር ላይ ክሩን የነካ ሕፃን ወዲያው ድምፅ ያገኛል፤ ትራምፔት ላይ ግን ከንፈር ራሱ ካልተርገበገበ ቱቦው ዝም ይላል። ተማሪው መጀመሪያ ከንፈሩን አጥብቆ ማንዘርን፣ ከዚያ ትንፋሹን ከሆዱ መያዝን፣ ከዚያም አንድን ድምፅ ሳያንቀጠቅጥ ረጅም ጊዜ ማቆየትን ይለማመዳል። ከንፈር እንደ ጡንቻ ስለሚደክም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መነፋት አለበት፤ በአንድ ቀን ብዙ የነፋ በማግስቱ መንፋት ያቅተዋል።

ቁልፍ የሌለው ቱቦ እንደ መለከቱ ሁሉ ጥቂት የተራራቁ ድምፆች ብቻ ይሰጣል። የትራምፔት 3 ቁልፎች ይህን ይለውጣሉ። ሁለተኛው ቁልፍ ድምፁን በግማሽ፣ አንደኛው በአንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል እርከን ዝቅ ያደርገዋል፤ በማጣመርም በመሣሪያው ክልል ያሉት ድምፆች ሁሉ ይገኛሉ። ተዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት የኢትዮጵያ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ስለሆኑ የናስ መሣሪያ ሊያወጣቸው ይችላል። ሆኖም መሰንቆ መቺ ቅኝቱን ለዘፋኙ ጉሮሮ እያስማማ በጣቱ ሲያንሸራትተው፣ ባለ ቁልፉ መሣሪያ ድምፆቹን በተወሰነ ርቀት ይቆርጣቸዋል። ይህ ልዩነት ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ሲያከራክር ኖሯል።

የባንድ ተማሪ ከመሣሪያው ጋር የሚማረው ሌላው ነገር ኖታ ነው። በ5 መስመር ላይ የሚጻፈው ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት አብሮ ስለሚያሳይ ተማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀቱ ላይ ሊያነበው ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከየኔታ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፤ አዝማሪም ከአባቱ ይቀበላል። በእነዚህ መንገዶች አንድ መምህር ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያወጣው ግን ሙሉ ሊቅ ነው። የባንድ ትምህርት ተማሪውን በእንዲህ ያለ ጥልቀት አያደርሰውም። በፈንታው ብዙ ሰዎችን በጥቂት ዓመት ውስጥ አብረው እንዲጫወቱ ያደርጋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢሄድ ወረቀቱን አንብቦ የሚተካው ሌላ ሰው ይገኛል። የመንግሥት ተቋም የሚፈልገው ይህን ነበር።

መዝሙሩ

ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱት በ1926 እ.ኤ.አ. ሲሆን መጀመሪያ የሚታወቀው «ማርሽ ተፈሪ» በሚለው ስም ነበር። ቃሉን የጻፉት የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ በቅኔ ቤት ያደጉ፣ በአማርኛ ተውኔት ታሪክ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠሩ ደራሲ ነበሩ። አንዱ በግዕዝ ቅኔ የተቀረጹ የጎጃም ሊቅ፣ ሌላው ከአይንታብ የተሰደዱ የባንድ መምህር ሲሆኑ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኙ። ለቃልና ለዜማ ጋብቻ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማርሽ በሁለት እግር ምት የሚሄድ ሲሆን የአማርኛ ስንኝ ደግሞ የራሱ አካሄድ አለው።

አርባ ልጆች ግን መዝሙሩ በይፋ የታወጀበትን ቀን በባንድነት አልጠበቁትም። የውላቸው ዘመን በ1928 እ.ኤ.አ. አብቅቶ ባንዱ ተበትኖ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ፤ ጥቂቶች በኢትዮጵያ ቀርተው ትዳር መሠረቱ። መምህሩም ቀሩ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ከብዙ አገሮች የመጡ ልዑካን በአዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። የእያንዳንዱ አገር መዝሙር በሚነፋበት እንዲህ ባለ ቀን አስተናጋጇ አገር የራሷ መዝሙር ከሌላት ነውር ነበር። የናልባንዲያን ዜማ በዚህ በዓል ተሰማ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙርም ሆነ። ነጋሪቱና እምቢልታውም አልቀሩም ነበር። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ቆመ እንጂ ወዲያው አልተካውም።

ከዘውዱ በዓል በኋላ

በክብር ዘበኛ፣ በማዘጋጃ ቤትና በፖሊስ የተቋቋሙት ባንዶች የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የበቀለባቸው ናቸው። ናልባንዲያን ከባንዶቹ ጋር ከሠሩት የውጭ መምህራን አንዱ ነበሩ። በዚያው ዘመን የስዊስ ተወላጁ አንድሬ ኒኮ፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የክብር ዘበኛውን ሙዚቃ መርተዋል። የውጭ መምህራን አንዳንዶቹ ለጥቂት ዓመታት ሠርተው ተመልሰዋል። ናልባንዲያን ግን ኢትዮጵያን ሁለተኛ አገራቸው አድርገው ቆዩ።

የ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ባንዶቹን በተናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመለሱ መዝሙሩም አብሮ ተመለሰ፤ ባንዶቹ ግን እንደ ገና መሰብሰብና መሠልጠን ነበረባቸው።

ናልባንዲያን ወደ ሙያው ካስገቡት ሰው ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን (1915–1977 እ.ኤ.አ.) ነው። እሱም በአይንታብ የተወለደ ሲሆን በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ አሠልጣኝና መሪ ሆኖ ሠርቷል። አጎቱ ለማርሽ የተጠቀሙበትን የናስ ጓድ ነርሲስ የኢትዮጵያን ቅኝቶች በብዙ ድምፅ አቀነባብሮ ለዘፈን ማጀቢያ አደረገው። ሁለቱ ናልባንዲያኖች በስም ስለሚመሳሰሉ በጽሑፎች ላይ ሥራቸው ይቀላቀላል፤ የመዝሙሩ ደራሲ አጎት ኬቮርክ ናቸው።

ባንዶቹ ያፈሩት ትውልድ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አደገ። ከይፋት የመጣው ሳክስፎን ነፊ ጌታቸው መኩሪያ በ1949 እ.ኤ.አ. በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት ታወቀ። ጦረኛው በጉሮሮው የሚያሰማውን ፉከራ የውጭ አገር መሣሪያ ላይ ሲያመጣው ድምፁን ከወረቀት አላገኘውም፤ በሰልፈኛ ባንድ ያገኘውን የትንፋሽ ሥልጠና ግን ተጠቅሞበታል። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድም ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፍነዋል። ጥሩምባ ነፊ ይናቅ በነበረበት አገር የባንድ ሙዚቀኛ መለዮ ለብሶ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ማዕረግ ይዞ የሚታይ ሰው ሆነ።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1963 እ.ኤ.አ. አረፉ። መዝሙራቸው ከእሳቸው በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ሲነፋ ቆየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ደርግ በ1975 እ.ኤ.አ. አዲስ መዝሙር አወጣ፤ ቃሉን አሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ፣ ዜማውን ዳንኤል ዮሐንስ ደረሱት። በ1992 እ.ኤ.አ. የመጣውን የዛሬውን መዝሙር ዜማ ደግሞ ሰሎሞን ሉሉ ደርሰውታል። ሁለቱም የዜማ ደራሲዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው።